የሽቦ ወንፊት የብስባሽ ማዘጋጃ ለከተማ ጓሮ፦ ስለ ክምሩ መጠን፣ ስለ አየርና ስለ እርጥበት

በአዲስ አበባ ብዙ ግቢዎች ከማድ ቤት የሚወጣው የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የቡና አተላ፣ ከአጥር ሥር የሚጠረገውም ቅጠል በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጣል። በዚያው ግቢ ጥግ ያለው የቆስጣ መደብ ግን አፈሩ ሳስቶ፣ በገንዘብ የሚገዛ ፍግ ይጠብቃል። ወደ ረጲ የተጓዘው ቆሻሻ ምን ያህል እንደ ተቆለለ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የደረሰው መደርመስ አሳይቷል፤ በዚያ ቀን ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብስባሽ በየግቢው ማዘጋጀት ያን ክምር ባያስቀርም፣ ከየቤቱ የሚወጣውን ከረጢት ያቀልላል፤ መደቡንም ይመግባል።

በአገራችን ስለ ኮምፖስት የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ለገበሬው የታሰበ ነው፤ በበጋ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በክረምት ከመሬት በላይ ከምሮ መሥራትን ያስተምራል። ጉድጓዱ እርጥበት በመያዝ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ለጠባብ የከተማ ግቢ ሁለት ችግሮች አሉበት፤ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ ለመገልበጥም ያስቸግራል። የሽቦ ወንፊት ማዘጋጃ ሁለቱንም ያቃልላል። ብስባሽን እያገላበጡ አየር በመስጠት ማዘጋጀት አልበርት ሃዋርድ በሕንድ ኢንዶር ከተማ አጥንቶ በ1931 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ሥራ ወዲህ በሰፊው የታወቀ ዘዴ ሲሆን፣ ሽቦው የሚጨምርለት ክምሩን በትንሽ ቦታ አቁሞ መያዝን ነው።

ስለዚህ ማዘጋጃ ከሚሰሙት ቅሬታዎች ዋነኛው «አይሞቅም፣ አይበሰብስም» የሚለው ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሽቦው ሳይሆን ከርዝመቱ ነው። ክምር የሚሞቀው ረቂቃን ተሕዋስያን ሲያብላሉት በሚወጣው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ እንዳይባክን ደግሞ ክምሩ አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ሊሆን ይገባል። 4 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ቁመት ያለው ሽቦ ተጠቅልሎ ጫፎቹ 20 ሳንቲ ሜትር ቢደራረቡ ዙሪያው 3.8 ሜትር፣ የመሐል ስፋቱ 1.2 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የሚይዘውም 1.15 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ 3 ሜትር ብቻ የገዛ ሰው ግን የሚያገኘው 0.62 ሜትር ኩብ ነው። ከሽቦው አንድ አራተኛውን መቀነስ ከክምሩ ግማሽ ያህሉን ያስቀራል ማለት ነው። ትንሹ ክምር ፈጽሞ አይበሰብስም ማለት ባይሆንም፣ ሳይሞቅ በዝግታ ስለሚበሰብስ የአረም ዘሩን ሳይገድል ወደ መደቡ ይመልሰዋል። በዚህ ረገድ አንዷን ሜትር መቆጠብ የከሰረ ቁጠባ ነው።

ሽቦው ዝገት እንዳያጠቃው ዚንክ የተቀባ፣ ዓይኑ ከ2.5 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቢሆን ይመረጣል። ስስ የዶሮ ሽቦ ርካሽ ነው፤ ይሁንና ብቻውን ስለማይቆም ሦስት ወይም አራት ችካል ይፈልጋል። በመገናኛው የተበየደ ሽቦ ግን ክብ ሆኖ ሲታሰር ግፊቱ በዙሪያው እኩል ስለሚከፋፈል ያለ ችካል ይቆማል። የተቆረጠው ጫፍ እጅ እንዳይቧጭር በጓንትና በፒንሳ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ከዚያ ጫፎቹ ተደራርበው በማሰሪያ ሽቦ በአራት ቦታ ይያዛሉ። ማሰሪያው ሲገለበጥ የሚፈታ ስለሆነ ጥብቅ ቋጠሮ አያሻውም። የሚቆምበት ስፍራ ውኃ የማይተኛበት፣ ከተቻለም ጥላ ያለበት፣ ሲሚንቶ ያልፈሰሰበት አፈር ቢሆን ትሉ ከታች ይገባል፤ ትርፍ ውኃውም ይሰርጋል።

ከሥር አየር እንዲገባ ጭራሮ ይነጠፋል፤ በላዩ ደረቁና እርጥቡ በየተራ ይደረደራል። የካርቦንና የናይትሮጂን ምጥጥኑ ከ25 እስከ 30 ለአንድ እንዲሆን ይፈለጋል። ጭድ 80 ለአንድ ገደማ፣ የቡና አተላ 20 ለአንድ ገደማ ስለሆነ፣ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። በተግባር ለአንድ ባልዲ የማድ ቤት ትራፊ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል መጨመር ይበቃል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ በብዛት አይገባም፤ ሥጋ፣ ቅባትና ወጥ ደግሞ አይጥ ይጠራሉና በጭራሽ አይገቡም። የዚህ ሽቦ ዓይን አይጥ አያግድም።

የሽቦው እውነተኛ ድክመት በበጋ ይታያል። አየር በዙሪያው ስለሚገባ የጎኑ ቅጠል ደርቆ መበስበሱን ያቆማል፣ መሐሉ ብቻ ይሠራል። ለዚህ መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ የእንሰት ወይም የሙዝ ቅጠል ከሽቦው ውስጠኛ ገጽ ዙሪያውን ቢደረደር እርጥበቱን ይይዛል፣ በኋላም ራሱ ብስባሽ ይሆናል። ለክረምቱ በአንጻሩ ከላይ በላስቲክ መሸፈን ያሻል፤ ያለዚያ ዝናቡ ንጥረ ነገሩን አጥቦ ይወስደዋል። እርጥበቱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው አንድ እፍኝ ሲጨመቅ እጅ አርሶ ጠብታ ብቻ ሲወጣው ነው።

ሙቀቱን ለመለካት ቴርሞ ሜትር የግድ አያስፈልግም። ረጅም ዱላ እስከ ክምሩ መሐል ተሰክቶ ይተዋል፤ ሲመዘዝ ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ሥራው በደኅና ይሄዳል፣ ደርቆ ከወጣ ውኃ ይሻል፣ ቀዝቅዞ ከወጣ መገልበጥ ይገባዋል። በትክክል የተሠራ ክምር በጥቂት ቀናት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። ለመገልበጥ ማሰሪያው ይፈታል፤ ሽቦው ከክምሩ አጠገብ እንደገና ይቆማል፤ በመንሽ የውጩ ወደ መሐል፣ የመሐሉም ወደ ውጭ እንዲሆን ተደርጎ ይሞላል። በየሁለት ሳምንቱ እንዲህ የተገለበጠ ክምር በሦስት ወይም በአራት ወር ገደማ ጥቁርና ፍርክስክስ ያለ፣ የአፈር ሽታ ያለው ይሆናል፤ ቁመቱም በግማሽ ያህል ይወርዳል። ሲነፋ ከወንፊቱ በላይ የሚቀረው ጭራሮ አይጣልም፤ ተሕዋስያኑን ይዞ ለሚቀጥለው ክምር ንጣፍ ይሆናል።