በቁጠባ ወለድ ላይ በስህተት ተደጋግሞ የሚመጣ የግብር ማስታወቂያ፦ ሕጋዊ መሠረቱና የማረሚያ መንገዱ ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ወረዳዎች አንጻር

መግቢያ

በቁጠባ ወለድ ላይ የሚከፈለው ግብር በኢትዮጵያ የገቢ ግብር ሥርዓት ውስጥ አፈጻጸማቸው ቀላል ከሆኑት የግብር ዓይነቶች አንዱ ነው። ባንኩ ወለዱን በሚያስብበት ጊዜ ግብሩን ቀንሶ ያስቀራል፣ ያስቀረውንም ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል። ቆጣቢው ቅጽ አይሞላም፣ ገቢውን አያሳውቅም፣ ከቢሮ ቢሮም አይመላለስም። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ቆጣቢው ነጋዴ በሚሆንበት ጊዜ ግብሩ አስቀድሞ የተከፈለበት ወለድ በንግድ ገቢው ላይ ተደምሮ እንደገና ግብር ሊጠየቅበት ይችላል። ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው ደግሞ ስህተቱ አንድ ጊዜ ተነግሮ ሳይታረም ሲቀርና ማስታወቂያው ዳግመኛ ሲመጣ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው አንድ ነጥብ ነው፦ በሕጉ አሠራር መሠረት ከፋይናንስ ተቋም በተገኘ የቁጠባ ወለድ ላይ ለቆጣቢው በቀጥታ የሚደርስ የክፍያ ማስታወቂያ በራሱ የስህተት ምልክት ነው። ይህን ስህተት በቃል አቤቱታ ማረም ግን አስተማማኝ አይደለም፤ የቅሬታ ጊዜን ያሳልፋል፣ ለድግግሞሹም በር ይከፍታል።

የሕጉ መሠረት

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286/1994 በአንቀጽ 36 ከተቀማጭ ገንዘብ በሚገኝ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ጥሎ፣ ከፋዩ ተቋም ቀንሶ እንዲያስቀርና ይህም የመጨረሻ ግብር እንዲሆን ደንግጎ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንቀጽ 56 ይህንኑ አቋም አስቀጥሏል። ይህ አዋጅ በወጣበት ይዘቱ በኢትዮጵያ ካለ የፋይናንስ ተቋም በተገኘ የቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ፣ በሌላ ወለድ ላይ ደግሞ 10 በመቶ ግብር ይጥላል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን በምጣኔው ላይ ሳይሆን ግብሩ ከምንጩ ተቀንሶ የሚያበቃ በመሆኑ ላይ የቆመ ነው።

የወለድ ገቢ የሚመደበው በሠንጠረዥ «መ» ሲሆን የንግድ ሥራ ገቢ የሚመደበው በሠንጠረዥ «ሐ» ነው። የሁለቱ ሠንጠረዦች ስሌት የተለያየ ነው። በሠንጠረዥ «ሐ» ወጪ ተቀናንሶ በቀሪው ትርፍ ላይ ግብር ይታሰባል፤ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲደነገግም በዓመት ከ130,800 ብር በላይ በሆነው የግለሰብ ትርፍ ላይ ምጣኔው 35 በመቶ ነበር። በሠንጠረዥ «መ» ግን ወጪ አይቀነስም፤ ምጣኔው ዝቅተኛ ሆኖ የመጨረሻ ነው። «የመጨረሻ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ገቢው በዚያው ግብር ተጠናቅቆ ወደ ሌላ ስሌት አይገባም ማለት ነው። ባንኩ ቀንሶ ማስቀረት ሲገባው ሳያስቀር ቢቀርም ኃላፊነቱ በቅድሚያ ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ በተጣለበት ተቋም ላይ ይወድቃል።

ስህተቱ የሚመነጭበት መንገድ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ በሚነግዱ ግለሰብ ነጋዴዎች ላይ የንግድ ሥራ ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን የክልሉ ነው። በመሆኑም የከተማዋም ሆነ እንደ ወግዲ፣ ከላላና ሳይንት ባሉ አጎራባች ወረዳዎች ያሉ ነጋዴዎች ጉዳያቸው የሚታየው በአካባቢያቸው ባለ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። ከወለድ ላይ ግብር የሚያስቀረው ባንክ ግን ክፍያውን በማእከል ደረጃ ስለሚፈጽም የወረዳው ጽሕፈት ቤት የከፋዩን ደረሰኝ በፋይሉ ውስጥ አያገኘውም። የመረጃው ክፍተት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ስህተቱ በተለይ የሚያሰጋው የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለባቸውን ግብር ከፋዮች ነው። በሂሳብ ምርመራ ወቅት የባንክ ገቢዎች ከተመዘገበው ሽያጭ ጋር ይነጻጸራሉ። ወደ ባንክ የገባው ከሽያጩ በልጦ ከተገኘ ልዩነቱ «ያልተገለጸ ሽያጭ» ተብሎ ሊያዝ ይችላል። መርማሪው የወለዱን መስመር ከሽያጩ ካልለየው ወለዱ ከሠንጠረዥ «መ» ወደ ሠንጠረዥ «ሐ» ይሸጋገራል።

በምሳሌ ለማሳየት፣ አንድ ነጋዴ 200,000 ብር በቁጠባ ሂሳብ አስቀምጧል እንበል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባስቀመጠው የ7 በመቶ ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ ምጣኔ ዓመታዊ ወለዱ 14,000 ብር ይሆናል። ባንኩ 5 በመቶ ወይም 700 ብር ያስቀራል፤ ለነጋዴው 13,300 ብር ይደርሰዋል። ይህ 13,300 ብር እንደ ሽያጭ ተቆጥሮ 35 በመቶ ቢታሰብበት 4,655 ብር ተጨማሪ ግብር ይመጣል። ከአንድ ወለድ ላይ የተጠየቀው ጠቅላላ ግብር 5,355 ብር ወይም 38.25 በመቶ ሆነ ማለት ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ግብር በወቅቱ ሳይከፈል ሲቀር ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ መቀጫ ይታሰባል። በዚህ ስሌት የተጠቀሰው ዕዳ አንድ ዓመት ሳይከፈል ቢቆይ መቀጫው 27 በመቶ ወይም 1,256.85 ብር ይደርሳል፤ የዘገየ ክፍያ ወለድም ለብቻው ይጨመራል።

ሁለተኛው የስህተት ምንጭ በባለቤትነት ላይ የሚፈጠር መደናገር ነው። በወሎ ቅሬ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር፣ ዕቁብም ሆነ የጽዋ ማኅበር ገንዘቡን በገንዘብ ያዡ ስም ወይም በጥቂት አባላት የጋራ ፊርማ ባንክ የሚያስቀምጥበት ጊዜ አለ። ገንዘብ ያዡ ነጋዴ ከሆነ የማኅበሩ ተቀማጭም ወለዱም የእሱ የንግድ ገቢ ሊመስል ይችላል። ሦስተኛው ምንጭ ከወለድ አልባ የባንክ አገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው። በአካባቢው ያለው ሙስሊም ነጋዴ ገንዘቡን በአደራ መልክ በሚቀመጥ የወዲዓ ሂሳብ ሊያስቀምጥ ይችላል። በዚህ ዓይነት ሂሳብ ላይ ወለድ አይታሰብም፤ ስለዚህ በተቀማጩ መጠን ልክ ወለድ ተገምቶ የሚመጣ ማንኛውም ማስታወቂያ ከመነሻው መሠረት የለውም።

ሁለቱ የማረሚያ መንገዶች

አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለግብር ከፋዩ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ያስቀምጣል። ክልሉም የራሱን የታክስ አስተዳደር ሕግ የሚያወጣ በመሆኑ ግብር ከፋዩ የክልሉን አዋጅ ተጓዳኝ ድንጋጌዎች መጥቀስ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ስህተትን የማረም ሥልጣን ነው። ከመዝገቡ በግልጽ የሚታይና በሕግ ትርጉም ወይም በፍሬ ነገር ላይ ክርክር የማያስነሳ ስህተት ሲኖር ባለሥልጣኑ በ5 ዓመት ጊዜ ውስጥ ማስታወቂያውን ሊያርም ይችላል። ይህ መንገድ ቀላልና ወጪ የሌለው ነው። ነገር ግን አዋጁ የሚለው «ሊያርም ይችላል» እንጂ «ያርማል» አይደለም።

ሁለተኛው መደበኛው ቅሬታ ነው። በአንቀጽ 54 መሠረት ግብር ከፋዩ ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ ምክንያቱንና የሚጠይቀውን ማሻሻያ በዝርዝር ገልጾ በጽሑፍ ቅሬታ ያቀርባል። ባለሥልጣኑ በ180 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ግብር ከፋዩ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይችላል። ለኮሚሽኑ የሚቀርብ ይግባኝ ክርክር ከተነሳበት ግብር 50 በመቶውን፣ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ደግሞ 75 በመቶውን አስቀድሞ መክፈልን ይጠይቃል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ለኮሚሽኑ ብቻ 2,327.50 ብር መያዝ አለበት። ስለዚህ ጉዳዩ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ መቋጨቱ ለአነስተኛ ነጋዴ ወሳኝ ነው።

በተግባር ችግር የሚፈጠረው ሁለቱ መንገዶች ሲደባለቁ ነው። ነጋዴው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ስህተቱን በቃል ያስረዳል፤ ባለሙያውም «ይስተካከላል» ብሎ ይመልሰዋል። ይህ ንግግር ግን የማረም ጥያቄም ቅሬታም ሆኖ አይመዘገብም። 21 ቀኑ ያልፋል፤ ዕዳው በግብር ከፋዩ መለያ ቁጥር ላይ እንደተመዘገበ ይቆያል። በእነዚህ ወረዳዎች ሁኔታውን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። አዋጅ ቁጥር 979/2008 በወጣበት ይዘቱ የደረጃ «ለ» ነጋዴ የሚያሳውቅበትና የሚከፍልበት ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ፣ ማለትም ክረምቱ የሚበረታበትና የደጋው መንገድ የሚከብድበት ወቅት ነበር። ከከተማው ርቆ ለሚኖር ሰው 21 ቀን በሁለት ጉዞ ያልቃል።

ማስታወቂያው ሲደጋገም

ተደጋጋሚ ማስታወቂያ ሲመጣ በመጀመሪያ መለየት ያለበት የድግግሞሹ ዓይነት ነው። ማስታወቂያው የቀድሞውን ዕዳ የሚያስታውስ ብቻ ከሆነ አዲስ ውሳኔ ስላልሆነ አዲስ የቅሬታ ጊዜ አያስገኝም፤ የሚቀረው የማረም ጥያቄ ወይም በቀድሞው ቅሬታ መግፋት ነው። ለሌላ የግብር ዓመት የተሠራ ወይም የተሻሻለ ስሌት ከሆነ ግን ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። አምና የቀረበ ቅሬታ ዘንድሮ ለመጣው ስሌት አያገለግልም፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ስሌት በ21 ቀናት ውስጥ አዲስ ቅሬታ መቅረብ አለበት።

የሚቀርበው ጽሑፍ ሁለቱንም መንገዶች ቢይዝ ይመረጣል፦ በዋናነት ቅሬታ፣ በአማራጭ ስህተቱ እንዲታረም ጥያቄ። ከጽሑፉ ጋር የወለዱን ጠቅላላ መጠንና የተቀነሰውን ግብር በየመስመሩ የሚያሳይ የባንክ ሂሳብ መግለጫ ይያያዛል። ተቀማጩ የቅሬ ወይም የዕቁብ ከሆነ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤና የአባላት መዋጮ መዝገብ፣ ወለድ አልባ ከሆነ ደግሞ የሂሳቡን ዓይነት የሚገልጽ የባንክ ደብዳቤ ይጨመራል። ገቢ የተደረገበት ቀንና ቁጥር በቅጂው ላይ መስፈር አለበት። ቅሬታው ተቀባይነት ሲያገኝም ነጋዴው ዕዳው ከመዝገቡ መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ውሳኔው ፋይል ውስጥ ቀርቶ ዕዳው ከሂሳቡ ካልተሰረዘ ማስታወቂያው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ብዙ ነጋዴን የተሳሳተ ዕዳ እንዲከፍል የሚያስገድደው የግብር ክሊራንስ ነው። የንግድ ፈቃድ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ይታደሳል፤ ዕዳ የተመዘገበበት ሰው ግን ክሊራንስ አያገኝም። ስለዚህ ፈቃዱ እንዳይቃጠልበት ሲል የማያምንበትን ይከፍላል። እንዲህ ያለ ክፍያ ሲፈጸም ነጋዴው ቅሬታው የተጠበቀ መሆኑን በጽሑፍ መግለጽና በትርፍ የተከፈለ ግብር እንዲመለስለት ማመልከት አለበት። ዝም ብሎ መክፈል በቀጣዩ ዓመት ለሚደረገው ተመሳሳይ ስሌት እንደ ማረጋገጫ ሊታይ ይችላል።

የማስረዳት ሸክምና የሌላ አገር ልምድ

በአዋጅ ቁጥር 983/2008 አንቀጽ 59 መሠረት የታክስ ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው። ድንጋጌው ለሽያጭና ለወጪ ክርክር ተገቢ ነው፤ ማስረጃው በነጋዴው እጅ ነውና። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ላይ በበርካታ ከተሞች የተነሳው ቅሬታ የዚህ ዓይነት የፍሬ ነገር ክርክር ነበር። የቁጠባ ወለድ ጉዳይ ግን የግምት ሳይሆን የምደባ ጥያቄ ነው። ግብሩን ቀንሶ ያስቀረው ባንክ፣ የተቀበለውም መንግሥት ነው። ሁለቱ የሚያውቁትን ነገር ከሁለቱም ውጭ ያለው ቆጣቢ እንዲያስረዳ ይጠየቃል።

የብሪታንያ ልምድ በተቃራኒው ትምህርት ይሰጣል። በዚያች አገር እስከ ሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ባንኮች ከቁጠባ ወለድ 20 በመቶ ቀንሰው ያስቀሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ መደበኛውን ምጣኔ የሚከፍል ሰው እስከ 1,000 ፓውንድ፣ ከፍተኛውን የሚከፍል ደግሞ እስከ 500 ፓውንድ ወለድ ያለ ግብር እንዲያገኝ ተፈቅዶ ቅነሳው ቀረ። በምትኩ ባንኮች መረጃ ያስተላልፋሉ፤ ግብር ሰብሳቢውም ባለፈው ዓመት ወለድ ላይ ተመሥርቶ የዘንድሮውን እየገመተ ከደመወዝ ያስቀንሳል። ቁጠባው ሲቀንስ ወይም ሂሳቡ ሲዘጋ ግምቱ ይሳሳታል፣ ካልታረመም ይደጋገማል። እዚያ ስህተቱ የሚመጣው ግብሩ ከምንጩ መቀነሱ በመቅረቱ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ግብሩ ከምንጩ እየተቀነሰ መረጃው ለሰብሳቢው ቢሮ ባለመድረሱ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ትንተና ሦስት የመፍትሔ ሐሳቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ ባንኮችና የቁጠባ ተቋማት የተከፈለውን ወለድና የተቀነሰውን ግብር የሚገልጽ ዓመታዊ ማረጋገጫ ለነጋዴ ደንበኞቻቸው ቢሰጡ ማስረጃ ፍለጋው ይቃለላል። ሁለተኛ፣ በሂሳብ ምርመራ ቅጽ ላይ የባንክ ወለድ ከሽያጭ የሚለይበት ራሱን የቻለ መስመር ቢኖር ስህተቱ ገና ከመነሻው ይዘጋል። ሦስተኛ፣ ከፋይናንስ ተቋም የተገኘ የቁጠባ ወለድ መሆኑ በባንክ መግለጫ ሲታይ ግብሩ እንደተከፈለ የሚቆጠርበት የሕግ ግምት ቢደነገግና ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክም በመሥሪያ ቤቱ ላይ ቢሆን «የመጨረሻ ግብር» የሚለው ድንጋጌ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል።

ጉዳዩ ለአንድ ነጋዴ የጥቂት ሺህ ብር ክርክር ሊመስል ይችላል። ገንዘቡን በባንክ በማስቀመጡ ሁለት ጊዜ ግብር የሚጠየቅ ሰው ግን ገንዘቡን ከባንክ አውጥቶ በቤቱ ወይም በዕቃ መልክ ለማስቀመጥ በቂ ምክንያት ያገኛል። ያን ጊዜ ባንኩ ተቀማጩን፣ መንግሥትም ያለ ድካም የሚሰበስበውን የወለድ ግብር ያጣሉ።