ሞግዚት የመሰለቻቸው እናት

ጥያቄ፦ አምድዎን ሁልጊዜ እከታተላለሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ባለቤቴ ነጭ አሜሪካዊ ሲሆን የአንድ ዓመት ከአራት ወር ሴት ልጅ አለችን። መናፈሻ ይዣት ስወጣ «ሞግዚቷ ነሽ?» ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ደግሞ እናቶቹ ከእጄ ተቀብለው «እንዴት ቀይ ናት! ፀጉሯን እዩት!» ይላሉ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን መሳቀቅ ጀምሬያለሁ። እንደ እኔ ክልስ ሕፃናት ያሏቸውን የከተማችን እናቶች በወር አንዴ ላሰባስብ አሰብኩ። ባለቤቴ «ልጃችንን ከሌሎች ልጆች ለምን ትለዪያታለሽ?» አለኝ። እናቴም ከአዲስ አበባ ደውላ «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ተሳስቼ ይሆን? ብጀምረውስ ማንን ልጥራ? እንዴትስ ላስኪደው?

ግራ የገባኝ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ አልተሳሳትሽም፤ ጀምሪው። ግን አስቀድመሽ ለምን እንደምትሰበሰቡ ለራስሽ ቁርጥ አድርገሽ እወቂ። የባለቤትሽም ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚያው ነው።

ደብዳቤሽን ሳነበው የመናፈሻው ሰውና የቤተ ክርስቲያኗ እናት ሥራቸው አንድ ሆኖ አገኘሁት። ያኛው ልጅቱን አይቶ አንቺን ይጠራጠራል፤ ይቺኛዋ አይታ ታደንቃለች። ሁለቱም ግን ይመረምሯታል። ስለዚህ ልትፈጥሪላት የሚገባው የልጅሽ መልክ ወሬ የማይሆንበት ሰዓት ነው። ይህን ከያዝሽ የቀረው ሁሉ ይቀላል።

ባለቤትሽን ለብቻው አናግሪው። እሱ ልጁን አቅፎ ሲወጣ «ምኗ ነህ?» የሚለው ሰው ላይኖር ይችላል። ለእኔ የጻፍሽልኝን ለእሱ ነግረሽዋል? ካልነገርሽው ዛሬ ማታ ንገሪው። የአገሩንም ታሪክ አስታውሺው። ሚልድረድና ሪቻርድ ላቪንግ የተባሉ ጥቁርና ነጭ ጥንዶች ቨርጂኒያ ስለከለከለቻቸው እ.ኤ.አ. በ1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ፤ ሲመለሱ በሌሊት ከመኝታቸው ተያዙ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን ሕግ የሻረው ጁን 12 ቀን 1967 ነው። ያን ጊዜ ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬም በእናንተው መናፈሻ ይንሸራሸራል። ሕግ በአንድ ቀን ይሻራል፤ ዓይን እስኪለምድ ግን ትውልድ ይፈጃል። «ለምን ትለዪያታለሽ?» ላለሽም፣ በወር አንድ ማለዳ መሰባሰብ ልጅሽን ከማንም አይለያትም፤ በቀሩት ቀናት ከጎረቤቱም ከአጎቷ ልጆችም ጋር ትጫወታለች።

እናትሽን አትቀየሚያት። እሷ አንቺን ስታሳድግ ልጅ የሰፈሩ ሁሉ ነበር፤ ብቻዬን ነኝ ማለት አይገባትም። «እማዬ፣ ጎረቤት እያበጀሁ ነው» በያት፤ ያኔ ይገባታል።

ማንን ልጥራ ላልሽው፣ ሐበሻ እናቶችን ብቻ አትጥሪ። ሐበሻ ያገባችው ነጭ እናት የልጇን ፀጉር አያያዝ ማን እንደሚያሳያት ጨንቋት ይሆናል፤ ከኤል ሳልቫዶር የመጣችው ደግሞ እንዳንቺው «ሞግዚት ነሽ?» ተብላ ይሆናል። ሕፃናቱንም በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት የሦስት ወር ሕፃናትን ተመልክቶ ነበር። ኢትዮጵያ ያሉት ጥቁር ፊት፣ እስራኤል ያሉት ነጮች ነጭ ፊት ረዘም አድርገው ያዩ ነበር። እስራኤል ውስጥ ሁለቱንም ፊት እያዩ የሚያድጉት የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን አንዱን ከሌላው አላበለጡም። ሕፃን የሚለምደው ያየውን ነውና በሩን ሰፋ አድርጊው። ማስታወቂያውን በሐበሻ ሱቅ፣ በሕፃናት ሐኪም ቤትና በቤተ መጻሕፍት ለጥፊ። አራት አምስት እናት ለመጀመሪያ ይበቃል።

አካሄዱን ከእናቶቻችን ማኅበር ተማሪ፤ ማኅበር የሚጸናው ቀኑ ስለማይለወጥ ነው። ለምሳሌ የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል፣ የቀን እንቅልፋቸው ሳይደርስ። በበጋ አጥር ያለው መጫወቻ፣ በክረምት የቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ይሁን፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍት አዳራሻቸውን ለእንዲህ ያለ ስብሰባ በነፃ ስለሚሰጡ ጠይቂ። በየቤታችሁ ግን አታድርጉት። እኛን ታውቂን የለ? የመጀመሪያዋ ዶሮ ትሠራለች፣ ሁለተኛዋ ክትፎ ትጨምራለች፣ ሦስተኛዋ ወጪውን ፈርታ ትቀራለች። ፍራፍሬና ውሃ ይበቃል፤ ወይኑ በቁመቱ ይሰንጠቅ፣ ኦቾሎኒ አይምጣ። ቡናውንም በፔርሙስ ይዘሽ ሂጂ፤ የሚድኹ ልጆች ባሉበት ፍምና የፈላ ጀበና አይሆንም።

ሁለት ደንብ ከመጀመሪያው ቀን አስታውቂ። አንደኛ፣ የልጆቹን መልክ ማወዳደር ክልክል ነው፤ ሙገሳም ቢሆን። «ያንቺዋ ቀላ ብላለች» ሲባል አጠገብ ያለችው የጠይሟ ልጅ እናት ትሰማለች፤ ነገ ልጆቹም ይሰማሉ። ሁለተኛ፣ የሰው ልጅ ፎቶ እናቱ ሳትፈቅድ ፌስቡክም ቲክቶክም ላይ አይወጣም።

ወሬው በብሶት ብቻ እንዳይሞላ በየወሩ አንድ የሚጠቅም ጉዳይ ያዙ። አንድ ቀን ፀጉር፦ እርጥብ ሳለ ቅባት ነክቶት፣ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምሮ መፍታት። ሌላ ቀን በብዙ ክልስና ጥቁር ሕፃናት ወገብና መቀመጫ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ምልክት፦ አብሮ የተወለደ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር ይደበዝዛል። ግን የተመታ ቦታ ስለሚመስል ሐኪሙ በመዝገቧ እንዲያሰፍረው አድርጊ፤ ለመዋያዋም ንገሪ። ሌላ ቀን ደግሞ ለ«ሞግዚቷ ነሽ?» የምትሰጡት መልስ። እኔ የምመክርሽ «እናቷ ነኝ» ብለሽ በረጋ ድምፅ መልሰሽ ጨዋታሽን እንድትቀጥዪ ነው። ልጅሽ ቃሉን ባትረዳውም የድምፅሽን መንቀጥቀጥ ታውቀዋለች።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት እናት ብቻ ብትመጣ አትዘኚ፤ የሚቀጥለውን ወር ቀንም አትለውጪ። ብዙ ስብሰባ የሚፈርሰው ጠሪዋ ተስፋ ቆርጣ ስትሰርዘው ነው። ከሦስተኛው ወር በኋላ ስንት እንደሆናችሁ ጻፊልኝ፤ ስለ ፀጉሩ የተማራችሁትንም ጨምሪበት። ይህን አምድ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ይፈልጉታል።