በጓሮ የበቀለ እንግዳ አበባ የሚታወቅበት መንገድ

ዝናም ባለፈ ጊዜ በቤት ጓሮ፣ በአጥር ሥር ወይም በመንገድ ዳር ማንም ያልዘራው አበባ በቅሎ ይገኛል። ባለቤቱም መልኩ ደስ ካሰኘው ይተወዋል፤ ደስ ካላሰኘው ይነቅለዋል። ይህ ሁሉ ሳይመረምሩ መፍረድ ስለሆነ ጉዳት አለው። የሚጠቅመውን የነቀለ ሰው መድኃኒቱን ወይም የንቡን ቀሰም ያጣል፤ የሚጎዳውን የተወ ሰው ግን ከራሱ አልፎ የጎረቤቱን ማሳ ያበላሻል። ስለዚህ አስቀድሞ የተክሉን ማንነት ማወቅ፣ ከዚያም በኋላ መፍረድ ይገባል።

ለዚህ ትምህርት ዋና ምሳሌ የሚሆነው ቅንጬ አረም የተባለው ተክል ነው። የትውልድ አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው። በኢትዮጵያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት በድሬዳዋና በሐረርጌ በኩል ታየ፤ ኋላም በወሎና በሌሎች አገሮች ተስፋፋ። ከውጭ ከመጣ የእርዳታ እህል ጋራ ተቀላቅሎ እንደ ገባ ይታመናል። በኦሮምኛ ፈረምሲሳ ይባላል፤ ይኸውም ባለመሬቱን መሬቱን እንዲለቅ የሚያስፈርም እንደ ማለት ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ምርመራ፣ ይህ አረም ሳይታረም የቀረበት የማሽላ ማሳ ከምርቱ ከመቶ 40 እስከ 97 እጅ እንዳጎደለ ታይቷል።

ተክሉ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አራት ናቸው።

አንደኛው ቅጠሉ ነው። ገና ሲበቅል ቅጠሎቹ እንደ ካሮት ቅጠል እጅግ የተሰነጣጠቁ ሆነው በምድር ላይ በክብ ይነጠፋሉ። ግንዱ ከወጣ በኋላ ግን ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት አይቆሙም፤ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ እየተፈራረቁ ይወጣሉ።

ሁለተኛው ግንዱ ነው። ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከታች እስከ ላይ ቦይ ቦይ አለው፤ በጥቃቅን ጠጕር የተሸፈነ ነው። ወደ ጫፉ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ቁመቱም እስከ 2 ሜትር ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛው አበባው ነው። ነጭ ነው፤ የአንዱ ራስ ስፋት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በዳርቻው አምስት ማዕዘን ያሳያል። ከሩቅ ሲታይ የተከካ እህል በቅርንጫፉ ላይ የተበተነ ይመስላል። አንድ አበባ የሚመስለው ራስ በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ ይህም ተክሉ ከኑግና ከሱፍ ወገን መሆኑን ያስረዳል።

አራተኛው ዘሩ ነው። ጥቁርና ደቃቅ ነው፤ ከአንዱ ራስ አምስት ያህል ዘር ይገኛል። ራሶቹ እጅግ ብዙ ስለሆኑ ግን ከአንድ ተክል ከ15,000 እስከ 25,000 ዘር ሊወጣ ይችላል።

ከአራቱ ምልክቶች አንዱን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። የአደይ አበባ ቅጠልም የተሰነጣጠቀ ነው፤ ነገር ግን ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቆማሉ፤ አበባውም ቢጫ ነው። የአሪቲ ቅጠል ደግሞ ይበልጥ የደቀቀ ነው፤ ሆኖም መልኩ አመድማ ነው፤ ሳይነኩትም በመዓዛው ይለያል። ያልታወቀውን ተክል ለማሽተት ሲሉ በባዶ እጅ ማሸት አይገባም፤ ቅንጬ አረም ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላልም፤ ብናኙም ማስነጠስና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። ከብት የበላው እንደ ሆነ ወተቱ ይመርራል፤ ሥጋውም ጣዕሙ ይበላሻል።

ምልክቶቹን አይቶ የተጠራጠረ ሰው ቅጠልና አበባ ያለውን አንድ ዘንግ በጓንት ይዞ ይቁረጥ። በሁለት ወረቀት መካከል ዘርግቶ ከባድ ነገር ይጫንበት፤ ወረቀቱም በረጠበ ቍጥር ይለውጠው። ሲደርቅ መልኩ ስለሚለወጥ የአበባውን ቀለም፣ የበቀለበትን ስፍራ፣ ቀኑንና የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስም አስቀድሞ ይጻፍ። ዘሩ በመንገድ እንዳይረግፍ በከረጢት አሽጎ ለወረዳው እርሻ ጽሕፈት ቤት ይስጥ። በዚያ ካልታወቀ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የብሔራዊ ዕፀዋት ማከማቻ ሊመረምረው ይችላል።

አረሙ መሆኑ ከተረጋገጠ ምድሩ ሳይደርቅ፣ አበባ ሳያወጣ፣ ከነሥሩ መንቀል ነው። ነቃዩ እጁን፣ አፍንጫውንና አፉን ይሸፍን። ዘር የያዘውን ወደ ፍግ ጉድጓድ መጣል፣ ከድርቆሽ ጋራ ማሰር ወይም ወደ ወንዝ መወርወር ፈጽሞ አይገባም። በከብት ኮቴ፣ በተሽከርካሪ ጎማና በጎርፍ ስለሚዛመት፣ ከተበከለ ስፍራ የሚመጣ ድርቆሽና የእህል ዘር ሁሉ መመርመር አለበት። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይም፣ የተነቀለበት ስፍራ በየዝናሙ እንደ ገና ሊታይ ይገባል።

ይህ ተክል ከበቀለበት ቀን አንሥቶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል። ስለዚህ አስተዳዳሪ ወይም የወረዳ ሹም የሚጽፈው ደብዳቤ አንድ ወር ቢዘገይ፣ በአንድ ጓሮ የነበረው ጉዳይ የቀበሌ ጉዳይ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ምክር ለዚህ አረም እንደ ቃሉ ይስማማዋል፤ በቅጠሉ ጊዜ ያወቀው ሰው በእጁ ይነቅለዋል፤ በዘሩ ጊዜ ያወቀው ግን አገር ሁሉ ቢወጣ አይበቃውም።