የቪክቶሪያ ዘመን ቀሚስ ለገና በዓል ሊሰፉ ነው? ጨርቅ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ከሂውስተን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የጋልቭስተን ደሴት፣ ዲሴምበር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ «ዲክንስ ኦን ዘ ስትራንድ» የሚባል የገና ፌስቲቫል ይካሄዳል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያ አሮጌ የንግድ ጎዳና ላይ ሰው የቻርልስ ዲክንስን ዘመን ልብስ ለብሶ ይዞራል። በሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ በካው ፓላስ አዳራሽ፣ በኔዘርላንድስም በዴቬንተር ከተማ ተመሳሳይ በዓል አለ። ፎቶውን አይቶ የጓጓ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጨርቅ ቤት ነው። እኔ ግን ጨርቁ መጨረሻ ላይ ይምጣ እላለሁ። የዚያን ዘመን ቀሚስ ቅርጽ የሚሰጠው ከስሩ የሚለበሰው ነውና።

ከዘመኑ የትኛውን መርጠዋል?

ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሠችው ከ1837 እስከ 1901 ነው። በነዚህ ዓመታት ፋሽኑ ደጋግሞ ተለዋውጧል። በ1840ዎቹ ጉርዱ የሚነፋው በጁፖን ላይ ጁፖን በመደረብ ነበር። በ1856 ክሪኖሊን፣ ማለትም ከቀጫጭን የብረት ቀለበቶች የተሠራው መወጠሪያ፣ መጣና ከጁፖኑ ክምር ገላገለ። ከ1870 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ፊቱ ለጥ ብሎ ከወገብ በታች ከኋላ የሚቆለለው ባስል ተተካ። በ1890ዎቹ ከላይ የተነፋ ሰፊ እጅጌና ከታች ሰፋ ያለ ቀላል ጉርድ ተለበሰ።

የዲክንስ «የገና መዝሙር» የታተመው በ1843 ነው፤ ደራሲው የሞተው በ1870። ስለዚህ ለዲክንስ በዓል የሚስማማው ከ1840ዎቹ እስከ 1860ዎቹ ያለው ነው። ለጀማሪ የ1860ዎቹን እመክራለሁ። ጉርዱ ቀጥ ብለው የተቆረጡ ጨርቆችን አያይዞ ወገቡ ላይ መሸንሸን ብቻ ስለሆነ፣ ልፋቱ ሁሉ ለላይኛው አካል ይተርፋል። ባስል ያለው ቀሚስ ያምራል፣ ግን አጣጣሉ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ከስሩ ምን ይለብሳሉ?

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ከሰውነት ጋር የሚገናኝ ስስ የጥጥ ሸሚዝ፣ ኮርሴት፣ ክሪኖሊን፣ በክሪኖሊኑ ላይ ቢያንስ አንድ ሰፊ ጁፖን፣ ከዚያ ቀሚሱ። ያ የላይኛው ጁፖን ከቀረ የብረቶቹ ቀለበት በጉርዱ ላይ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል፤ ጥሩ ጨርቅ እንኳ ይህን አይሸፍነውም።

ኮርሴት ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ትንፋሽ የሚያሳጣ ማነቂያ ነው። በልክ የተሠራ ኮርሴት ግን ዋና ሥራው ክብደት መሸከም ነው። የክሪኖሊኑ፣ የጁፖኑና የጉርዱ መቀነቻ ሁሉ የሚያርፈው ወገብ ላይ ነው፤ ኮርሴት ከሌለ ቀኑን ሙሉ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ይውላል። ለመስፋት ከከበደዎ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ይግዙ። ብቻ ቤት ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ለብሰው፣ ተቀምጠው፣ በልተው ይለማመዱት። ሐኪም የሆድ ወይም የጀርባ ችግር እንዳለብዎ ነግሮዎት ከሆነ ይተዉት፤ ወፍራም መቀነቻ ያለው ጁፖንም ብዙ ያግዛል።

ኮርሴት ይለበስ ወይስ ይቅር የሚለው እዚህ ላይ መወሰን አለበት። ለቀሚሱ የደረትና የወገብ ልኬት የሚወሰደው ኮርሴቱ ተለብሶ ነው። የጉርዱ ርዝመት ደግሞ ክሪኖሊኑም፣ ጁፖኑም፣ የዕለቱ ጫማም ተደርጎ ይለካል። ቀሚሱን አስቀድሞ የሰፋ ሰው ኮርሴት ሲያደርግ ደረቱ ይጨማደድበታል፣ ክሪኖሊን ሲገባ ከፊት ለፊት ጉርዱ ያጥረዋል። ለመንገድ መሄጃ ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ጠርዙን ከውስጥ በኩል ጠንካራ ጥብጣብ ይስፉለት፤ ሲቆሽሽ ወይም ሲበላ እሱን ብቻ ፈትቶ መቀየር ይቻላል። ያኔም የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር።

ስንት ሜትር ይበቃል?

የ1860ዎቹ ጉርድ ዙሪያው 4 ሜትር ያህል ይሆናል። የጨርቁ ስፋት 110 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አራት ቁራጭ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ከነእጥፋቱ 115 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 4 ሜትር ከ60 መሆኑ ነው። ሰፊ እጅጌ ላለው የላይኛው ክፍል ሌላ ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ይጨምሩ። በጠቅላላው ከ7 እስከ 8 ሜትር። ገበሩና ጁፖኑ ገና አልተቆጠሩም። ብዙዎች ሒሳቡን ሳያሰሉ የሚያምር ጨርቅ 4 ሜትር ገዝተው፣ ሲመለሱ ያው ጨርቅ አልቆ ያገኙታል።

ጥጥና ስስ ሱፍ ይሻላሉ። ጥጡን ሳይቆርጡ በፊት አጥበው በካውያ ይተኩሱት፤ የሚያጥረውን አስቀድሞ ይጠር። ደማቅ ሐምራዊ ከወደዱ ዊልያም ፐርኪን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም ያገኘው በ1856 ነውና ለ1860ዎቹ ቀሚስ ይስማማል።

ውጭ ነው ወይስ አዳራሽ?

ጋልቭስተን በዲሴምበር ብዙ ጊዜ አይበርድም፤ ወበቅ ወይም ዝናብ ሊኖር ይችላል። ከባድ ከፋይ እዚያ አይሆንም። ዴቬንተር ግን ይበርዳልና ሱፍና ካባ ይወዳል። በጋልቭስተን የዘመኑን ልብስ ለብሶ ለመጣ ሰው የመግቢያ ዋጋ ሲቀነስ ቆይቷል፤ የዘንድሮውን ደንብ ከአዘጋጆቹ ይጠይቁ።

ሻማ የሚበራበት ቦታ ከሆነ በጣም ይጠንቀቁ፤ ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳያዩት እለምናለሁ። የገጣሚው ሎንግፌሎ ባለቤት ፋኒ በ1861 የሞተችው ቀሚሷ በእሳት ተያይዞ ነው። ሰፊ ጉርድ ከኋላ የት እንደሚደርስ ለባሹ አያየውም። ሱፍን እሳት ቶሎ አይይዘውም፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ስፌቱ

ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ ቀሚሱ ጉርድና ላይ ተለያይቶ ይሰፋ፤ በዘመኑም የተለመደው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ የላይኛውን ክፍል መጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፍተው ይለኩት። ትከሻው ከዛሬው ልብስ ወረድ ይላል፣ የትከሻው ስፌትም ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ይህ ካልተስተካከለ ክንድ አይነሳም። ገበሩን ለብቻው ሰፍቶ ከመክተት ይልቅ እያንዳንዱን ቁራጭ ከጥጥ ገበሩ ጋር ገጥሞ እንደ አንድ ጨርቅ መስፋት ቀላልም ጠንካራም ነው። ብቻዎን የሚለብሱ ከሆነ ከፊት በመንጠቆ የሚዘጋ ይሁን። ዚፕ በዚያ ዘመን አልነበረም። ለስልክና ለቁልፍ በጎን ስፌቱ ውስጥ ጥልቅ ኪስ ያስገቡ።

ጫማዎን ከኮርሴቱ በፊት ያድርጉ፣ በኋላ መጎንበስ ያስቸግራል። ክሪኖሊኑን ለብሰው መኪና ውስጥ ገብተው ይሞክሩት። ሲቀመጡ የኋላውን ቀለበት ከፍ አድርገው ይቀመጡ፣ አለበለዚያ ፊቱ ይገለበጣል።

የሀበሻ ቀሚስስ?

ይህን ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው፤ ይሆናል። ዘመኑ የአውሮፓ ብቻ አልነበረም። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደውን ልዑል አለማየሁን ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1868 በዋይት ደሴት ፎቶ ስታነሳው በኢትዮጵያ ልብስ ነው። የእናቱ የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባለው ጥልፍ ቀሚስም ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። እንዲህ ያለውን ለመልበስ ካሰቡ ዘመናዊውን ወገብ የሚያጣብቅና ባለ ዚፕ ቀሚስ ይተዉና ሰፊ፣ ረጅም፣ አንገቱና ደረቱ ላይ በሐር የተጠለፈ ነጭ ቀሚስ ከነኩታው ያሠሩ። የሚጠይቅ ሰው ካለ የልዑሉን ታሪክ ይንገሩት።

ጊዜ ካጠረ

ለዲሴምበር በዓል በሴፕቴምበር ካልጀመሩ ሙሉውን አይሞክሩ። ክሪኖሊን ይግዙ፣ ጁፖንና ጉርድ ብቻ ይስፉ፤ ላዩን ደረቱ የተዘጋ ነጭ ሸሚዝና ትከሻ ላይ የሚጣል የሱፍ ሻል ይሙላው። የቀሚሱን የላይኛውን ክፍል ለሚመጣው ዓመት ያቆዩት፤ ጉርዱ ያኔም ያገለግላል።