ስም የሌለው ቁልፍ ገበያ ያሳጣል

ሶፍትዌር ሻጭ ዕቃውን ሲያስተዋውቅ የሚኩራራው በመልኩ ነው። ገዢው መሥሪያ ቤት ግን ከሂሳብ ሠራተኞቹ አንዱ ዓይነ ስውር ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሠራተኛ ፕሮግራም የሚታይ ሳይሆን የሚሰማ ነው።

አሠራሩን እንመልከት። በዶስ ዘመን ስክሪኑ ላይ የሚወጣው በአብዛኛው ፊደል ስለነበር፣ ስክሪን አንባቢ የሚባለው ፕሮግራም ፊደሉን ከኮምፒዩተሩ ሜሞሪ አንስቶ በድምፅ ያነበው ነበር። ዊንዶውስ ሲመጣ ግን ስክሪኑ ሥዕል ሆነ፤ ፊደሉም ቁልፉም የነጠብጣብ ክምችት ነው። በዶስ ሠርተው ያድሩ የነበሩ ዓይነ ስውራን ለእንጀራቸው ቢሰጉ አይፈረድባቸውም። ጆውስ የተባለው ስክሪን አንባቢ ለዊንዶውስ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ በ1997 ፕሮግራሞች ራሳቸውን ለስክሪን አንባቢ የሚገልጹበትን መንገድ አወጣ።

መንገዱ እያንዳንዱን ቁልፍና ሳጥን ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ስምህ ማን ነው፣ ሥራህ ምንድን ነው፣ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነህ? ከዊንዶውስ ጋር የሚመጡት ቁልፎች አብዛኛውን መልስ ይዘው ነው የሚመጡት። ችግሩ የሚጀምረው ባለሙያው ለውበት ሲል የራሱን ቁልፍ ሥሎ ስም ሳይሰጠው ሲቀር ነው። «መዝግብ» እና «ሰርዝ» ሁለቱም «ቁልፍ» ተብለው ብቻ ከተነበቡ፣ በደመወዝ መክፈያው ላይ የሚደርሰውን አንባቢ ይገምት።

ጉዳዩ የዓይነ ስውራን ብቻ አይደለም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማውስ መያዝ ስለሚቸግረው ሥራው ሁሉ በኪቦርድ መሠራት መቻል አለበት። ዕዳን በቀይ፣ ገቢን በአረንጓዴ ብቻ የሚለይ ሠንጠረዥም ሁለቱን ቀለሞች ለማይለይ ሰው ዋጋ የለውም። አንዲት የመቀነስ ምልክት ትበቃ ነበር።

ወጪው ያስፈራል የሚሉ አሉ። ከመነሻው ከታሰበበት ግን ቀላል ነው፤ የሚከብደው ያለቀውን አፍርሶ መሥራት ነው። ገበያውም እያስገደደ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በ1998 በተጠናከረው ሕግ መሠረት ለአካል ጉዳተኛ የሚያገለግል ሶፍትዌር እንዲገዙ ይገደዳሉ። እኛም ዘንድ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዛል። የሂሳብ ፕሮግራምም መሣሪያ ነው።

ገዢዎች ውል ከመፈረማቸው በፊት መፈተን ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ የተጀመረው ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን አንባቢ በነፃ ይገኛል። እሱን ጭነው፣ ስክሪኑን አጥፍተው፣ ማውሱን ነቅለው፣ ሻጩን አንድ ደረሰኝ እንዲቆርጥ ይጠይቁት።