ስለ ኅዳር ጢስና ስለ ኅዳር በሽታ

ልጆች ሆይ፥ በአዲስ አበባና በሌሎችም ብዙ የአገራችን ከተሞች በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ከየቤቱ ደጃፍ ጢስ ይወጣል። ሰዎች ግቢያቸውንና መንገዳቸውን ይጠርጋሉ፤ ጥራጊውን፥ ገለባውንና ያረጀውን ሰሌን ከደጅ ሰብስበው ያቃጥሉታል። ይህንም «ኅዳር ሲታጠን» ይሉታል። ቀኑ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው፤ ጢሱ ግን ከበዓሉ እጅግ ዘግይቶ የመጣ ልማድ ነው። የመጣበትን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች አልፈዋልና፥ እኛ ከመጽሐፍ ልንማረው ይገባናል።

በ1911 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ በአውሮጳ ከአራት ዓመት በላይ የቆየው ታላቅ ጦርነት ሊያበቃ ተቃርቦ ነበር። ያበቃውም ኅዳር 2 ቀን ነው። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ግን ሌላ ጠላት ተነሥቶ ነበር። ወታደሮች በየሰፈሩና በየመርከቡ ተፋፍገው ስለሚኖሩ፥ አንዱ ሲያስለው ሌላው ይታመም ነበር። በሽታውም በመርከብና በባቡር ከአገር ወደ አገር ተጓዘ። በዓለም ሁሉ የሞተው ሰው 50 ሚሊዮን ያህል ይሆናል ብለው ሊቃውንት ይገምታሉ፤ ይህም በጦርነቱ ከሞተው ይበልጣል። የአውሮጳ ሰዎች «የእስፓኝ በሽታ» ብለው ጠሩት። ነገር ግን ከእስፓኝ የተነሣ አይደለም። እስፓኝ ከጦርነቱ ውጭ ስለ ነበረች ጋዜጦችዋ ስለ በሽታው በግልጥ ጻፉ፤ የሚዋጉት መንግሥታት ግን ወሬውን ይሸሽጉ ነበር። እውነቱን የተናገረችው አገር ስሟ በክፉ ተጠራ፤ የሸሸጉት ግን ዳኑ። እንዲህ ያለ ፍርድ በመንደርም ይደረጋል።

ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በሽታው እጅግ የበረታው በኅዳር ወር ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። ራስ ምታት፥ ትኩሳትና ሳል ሆኖ ይጀምራል፤ በጥቂት ቀን ሳንባን ይይዛል። ሌላው ጉንፋን ሽማግሌንና ሕፃንን ይጐዳል፤ ይህ ግን ጎልማሳውንና ብርቱውን ይጥል ነበር። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ጽኑ ሕመም ታመው ዳኑ። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ ወዲህ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው፥ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ብቻ ከ10,000 የሚበልጥ ሰው እንደ ሞተ ጽፈዋል። በሽታው እልፍኝና ጎጆ አልለየም።

አሁን እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ይህን ያህል ሕዝብ ያለቀው ስለ ምንድር ነው? በሽታው ክፉ መሆኑ እውነት ነው፤ መድኃኒትም አልነበረም። ነገር ግን ሌላ ምክንያት ነበረ። በአንድ ቤት ያሉት ሁሉ በአንድ ቀን ይተኛሉ፤ ውኃ የሚቀዳ፥ እሳት የሚያነድ፥ እህል የሚፈጭ ይጠፋል። ትኩሳት የያዘው ሰው ውኃ ካላገኘ ይደክማል፤ የደከመውም ይሞታል። በዚያ ወራት ቀባሪ እንኳ እስኪታጣ ድረስ ሰው አልቆ ነበር። እንግዲህ ታሞ የተነሣ ሰው፥ ጉልበቱ ገና ሳይጸና፥ እንስራ አንሥቶ ለጎረቤቱ ውኃ ቢወስድ፥ ይህ ሥራ ከመድኃኒት የሚቈጠር ነው። ዛሬም ሐኪሞች ለጽኑ ጉንፋን አስቀድመው የሚያዝዙት ይህንኑ ነው፤ ዕረፍት፥ ውኃና ቀላል ምግብ። አጥሚት የሚያሞቅ ልጅ ትንሽ ሥራ የሠራ አይምሰለው።

ስለ ጢሱም እንናገር። የዚያን ዘመን ሰዎች በሽታ ከክፉ ሽታ ይወጣል ብለው ያምኑ ነበር፤ በአውሮጳም ብዙ ዘመን እንዲሁ ይታመን ነበር። ስለዚህ ቆሻሻውን ሰብስበው አቃጠሉ፥ ሰፈሩንም አጠኑ። ጢሱ የኅዳርን በሽታ ገደለው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፥ አልገደለውም። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ደቂቅ ነገር ነው፤ ከታመመ ሰው አፍና አፍንጫ በሳልና በትንፋሽ ይወጣል እንጂ ከጥራጊ አይወጣም። ይህንም የሎንዶን ሊቃውንት መርምረው ያገኙት በ1925 ዓ.ም. ነው፤ ማለት ሕዝቡ ካለቀ ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ። ቢሆንም አባቶቻችንን ልንስቅባቸው አይገባም። መጥረጉ መልካም ነበረ፤ ጥራጊ ሲቃጠል ዝንብና አይጥ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ቀኑ መታሰቢያ ሆነ። የእናንተ አገር ትክል ድንጋይ ትባላለች። ሰው ድንጋይ የሚተክለው የሆነውን ነገር የልጅ ልጁ እንዳይረሳ ነው፤ የኅዳር ጢስም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ግን አንድ ነገር ተጨምሯልና ተጠንቀቁ። ፕላስቲክና ላስቲክ ሲቃጠል ጢሱ ሳንባን ይጐዳል፤ ስለዚህ ቅጠልና ገለባ እንጂ ፌስታል አታቃጥሉ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ተመለሰ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና የተባለው በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የዚያ ዓመት ፋሲካ ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳይሄድ በቤቱ የዋለበት ፋሲካ ነበረ። ለደገኛው ሰው ከሁሉ የከበደው ግን ሰላምታና ለቅሶ ነው። ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ተከለከለ፤ ብዙ ሆኖ ለቅሶ መድረስም ተከለከለ። የጎረቤቱን ሬሳ ያልሸኘ ሰው በአገራችን ነውረኛ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች በልባቸው ተጨነቁ። ፍቅር ነው የሚቀር ወይስ ሕይወት?

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ መልሱ በጥንቱ ልማዳችን ውስጥ ነበረ። አባቶቻችን ከሩቅ ቆመው፥ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ይነሡ ነበር፤ ነጠላቸውንም በአፍና በአፍንጫቸው ላይ ያደርጉ ነበር። ያ ሰላምታ ክብር ያለው ሰላምታ ነው፤ ፍቅርም አልጐደለበትም። ለታመመ ሰው ምግቡን በደጅ አኑሮ፥ ከሩቅ ስሙን ጠርቶ «እንዴት አደርክ» ማለት ይቻላል። በሽተኛን መሸሽና ከበሽታ መጠንቀቅ አንድ አይደሉም። በዚያ ጊዜ አንዳንዶች የታመመውን ሰደቡ፥ እንግዳውንም «በሽታ አመጣህብን» አሉት፤ ይህ ክፉ ሥራ ነበረ። እንዲህ በመሆኑም የታመሙት ሕመማቸውን መሸሸግ ጀመሩ፤ የተሸሸገ በሽታም ይበልጥ ይዛመታል።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር በአዲስ አበባ አንድ አረጋዊ መነኩሴ በኮሮና ታመው ሆስፒታል ገቡ። ቤተ ሰቦቻቸው ዕድሜያቸው 114 ነው አሉ፤ ሐኪሞቹም ከ100 እንደማያንሱ ገመቱ። በዚህ ዕድሜ ማን ይድናል? እርሳቸው ግን ድነው ወጡ። ይህን የምነግራችሁ ሽማግሌ ሁሉ ይድናል ለማለት አይደለም፤ ብዙ ሽማግሌዎች ሞተዋልና። ነገር ግን በ1911 ዓ.ም. ያልነበረ ነገር አሁን ነበረ፤ እርሱም ትንፋሽ ላጠረው ሰው የሚሰጥ ኦክስጅንና ሌሊቱን ሁሉ የሚጠብቅ ነርስ ነው። ክትባቱም በሽታው በታወቀ በዓመቱ ተሠራ፤ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ።

እንዲህ ያለ እውቀት ከሩቅ አገር ብቻ የሚመጣ አይምሰላችሁ። ለእናንተ ቅርብ በሆነችው በደምቢያ፥ ከጣና ሐይቅ በላይ ባለው ሜዳ፥ በ1946 ዓ.ም. ገደማ ጽኑ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። እህሉ በእርሻ ላይ እያለ አጫጁ ተኛ። ከዚህ መከራ የተነሣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያም ሦስት ዓይነት ተማሪዎች ይማሩ ነበር፤ የጤና መኮንን፥ ነርስና የአካባቢ ጽዳት ሠራተኛ። ሲመረቁም ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አብረው ይላካሉ፤ አንዱ ያክማል፥ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትጠብቃለች፥ አንዱ የውኃ ጉድጓድና መጸዳጃ ያሠራል። ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከእናንተም መካከል ጥቂቶች ነገ በዚያ ይማሩ ይሆናል።

ስለ ፈንጣጣም ልጨምር፤ እርሱ ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለበትና። ፈንጣጣ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ነገሥታትንና ድኾችን የገደለ፥ ያልገደለውንም ፊቱን ያበላሸ፥ አንዳንዱንም ያሳወረ በሽታ ነበረ። በኢትዮጵያ እርሱን የማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ። መንገድ በሌለበት ደጋ ከታቢዎች ገደሉን በእግራቸው እየወጡ፥ ወንዙን እየተሻገሩ፥ መንደር ለመንደር ይሄዱ ነበር። በአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነው። በ1972 ዓ.ም. ከምድር ሁሉ እንደ ጠፋ ታወጀ። በሰው ላይ ከሚመጡት በሽታዎች ሰው ፈጽሞ ያጠፋው ይህን አንዱን ብቻ ነው።

«ከተበ» የሚለው ቃል በግዕዝ «ጻፈ» ማለት ነው። ስለዚህ የተከተበ ሰው በክንዱ ላይ ምልክት ተጽፎበታል ማለት ይቻላል። በዕድሜ ከገፉ ሰዎች አንዳንዶቹ ከትከሻቸው በታች ክብ ጠባሳ አለባቸው። በበዓል ቀን አያቶቻችሁን ስትጠይቁ እርሱን ያሳዩአችሁ ዘንድ በትሕትና ለምኗቸው፤ ከታቢው በየትኛው መንገድ እንደ መጣ፥ ልጆቹ ፈርተው የት እንደ ተሸሸጉም ይነግሯችኋል።