ከአምስት ቀን አንዱን የሚቀር ባቡር ለወተት ነጋዴ ስንት ያወጣል?

የባቡር ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቲኬት ዋጋ ነው። ከአይሱዙ ይረክሳል ወይስ ይወደዳል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በሀዲድ ዳር ለሚኖር አርብቶ አደርና ለመንደር ነጋዴ ዋናው ሂሳብ ያለው እዚያ አይደለም። የኢኮኖሚክስ ሰዎች ጠቅላላ የጉዞ ወጪ የሚሉት ነገር አለ። በውስጡ ከቲኬቱ ሌላ ጣቢያው ድረስ ለመሄድ የሚወጣው ገንዘብ፣ በመጠበቅ የሚባክነው ጊዜና ባቡሩ ሳይመጣ ሲቀር የሚደርሰው ኪሳራ ይገኛሉ። ከሁሉም ከባዱ የመጨረሻው ነው።

ጉዳዩን በቦታው ለማየት ከሚኤሶ እስከ ድሬዳዋ ያለውን ቆላ መውሰድ ይቻላል። ከጅቡቲ የተነሳው የድሮው ሀዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። በእንፋሎት የሚሠራው ባቡር በየተወሰነ ርቀት ውሃ መሙላት ስለነበረበት በበረሃው መሐል ጣቢያዎች ተተከሉ፤ ጣቢያውን ሻይ ቤቱ፣ ሱቁና ገበያው ተከተሉት። አፍደም፣ ኤረርና ሁርሶ በዚሁ መስመር ላይ ይገኛሉ። ዋናው የአስፋልት መንገድ ግን ከሚኤሶ በኋላ ወደ ደጋው ይወጣና በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርናና በቁልቢ በኩል ዞሮ ድሬዳዋ ይወርዳል። ስለዚህ ለቆላው መንደሮች ባቡሩ ከብዙ አማራጮች አንዱ አልነበረም። ሲዘገይም ሆነ ሲቀር ተለዋጩ አስቸጋሪ የጠጠር መንገድ ነበር።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

አንዲት ነጋዴ በመንደሯ ጣቢያ አጠገብ 20 ሊትር ወተት በሊትር 60 ብር ትገዛለች እንበል። ድሬዳዋ ወስዳ በ80 ብር ትሸጣለች። የደርሶ መልስ መሳፈሪያዋ 100 ብር ነው። ለወተቱ 1,200 ብር አውጥታ 1,600 ብር ስላገኘች፣ መሳፈሪያው ሲቀነስ በቀን 300 ብር ይተርፋታል።

ባቡሩ ከአምስት ቀን አንዱን ቀረ እንበል። ወይም ዘግይቶ ማታ ገባ፤ ለወተት ያው ነው። በአራቱ ቀን 1,200 ብር አትርፋለች። በአምስተኛው ቀን 1,200 ብር የወጣበት ወተት ኮምጥጦ ተደፋ፤ ቲኬቱንም ቀድማ ቆርጣለችና 100 ብሩ አብሮ ሄደ። ሲደማመር ከአምስት ቀን ድካም በኋላ 100 ብር ከስራለች።

ልብ መባል ያለበት እዚህ ላይ ነው። ባቡሩ ከመቶ 80 ጊዜ ሥራውን ሠርቷል። ይህ ቁጥር በአንድ ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ቢሰፍር የሚያሳፍር አይመስልም፤ እንዲያውም ሊጨበጨብለት ይችላል። በነጋዴዋ መሐረብ ውስጥ ግን የሚቋጠር ነገር አላስቀረም። መሳፈሪያው በእጥፍ አድጎ 200 ብር ቢሆንና ባቡሩ አንድም ቀን ባይቀር ኖሮ በቀን 200፣ በአምስት ቀን 1,000 ብር ይተርፋት ነበር። ርካሽና የማይታመን ባቡር ውድ ከሆነ ግን ከማይቀር ባቡር ይበልጥ ያከስራል ማለት ነው። የጫት ነጋዴ ይህን ሂሳብ ያለ ደብተር ያውቀዋል፤ ጭነቱን ለፈጣን መኪና የሚሰጠው ገንዘብ ስለተረፈው አይደለም።

ኮንቴይነር ግን አይኮመጥጥም። አንድ ቀን ሲዘገይ የወደብ ኪራይና የባንክ ወለድ ይቆጥራል፤ ዕቃው ግን ዕቃ እንደሆነ ይቆያል። ለባቡር ድርጅቱ የሚከፍለውም ከመንደር መንገደኛ እጅግ የበለጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በአብዛኛው በቻይና ብድር የተሠራ ነው። ብድር ያለበት ድርጅት ዓይኑን በጭነት ላይ ቢጥል አይፈረድበትም። ከአዳማ በኋላ ሀዲዱ ነጠላ በመሆኑም አንድ ባቡር ለጥቂት መንገደኞች ሲቆም ከፊት የሚመጣው ሌላ ባቡር ሊጠብቅ ይችላል። የአንድ ትንሽ ጣቢያ ወጪ የጣቢያው ሠራተኛ ደመወዝ ብቻ አይደለም።

የጣቢያዎቹ ርቀትም ሌላ ጣጣ ነው። ለገሃር መሐል አዲስ አበባ ነበር፤ ለቡ ግን ዳር ነው። የድሬዳዋም አዲሱ ጣቢያ ከድሮው በተለየ ከከተማው ወጣ ብሏል። ሻንጣ ለያዘ መንገደኛ ይህ የታክሲ ጉዳይ ነው። ጀሪካን ለያዘች ሴት ግን ከትርፏ ላይ የሚቆረስ ነው።

ትንንሽ ጣቢያዎች ያዋጣሉ ወይ የሚለው ክርክር በሌላ አገርም ተነስቷል። በእንግሊዝ የባቡር ቦርዱ ሊቀመንበር የነበሩት ዶክተር ሪቻርድ ቢቺንግ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት ሪፖርት፣ ከሀዲዱ ርዝመት አንድ ሦስተኛው የሚያስተናግደው የመንገደኛ ትራፊክ 1 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይተው ከ2,300 በላይ ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረቡ። ብዙዎቹ ተዘጉ። ድርጅቱ ግን ከኪሳራ አልወጣም። የመንደሩ ሰው ጣቢያው ሲዘጋበት እስከ ዋናው መስመር በአውቶቡስ ሄዶ ባቡር ይሳፈራል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ብዙው ሰው ግን መኪና ገዝቶ መንገዱን በሙሉ በመኪናው ሄደ። ትንሹ መስመር ለዋናው ያመጣለት የነበረው ገቢ በትንሹ መስመር መዝገብ ላይ አልታየም ነበር። በ1968 በወጣ ሕግ መንግሥት አትራፊ ላልሆኑ፣ ለሕዝብ ግን አስፈላጊ ለሆኑ መስመሮች መክፈል ጀመረ። በ1969 የተዘጋው የኤዲንበርግ ደቡባዊ መስመርም ከፊሉ በ2015 በብዙ ወጪ ዳግም ተከፍቷል።

እንዲህ ዓይነቱ ክፍያ ከተራ ድጎማ ይለያል። ድጎማ የዓመቱን ኪሳራ ሳይጠይቅ ይሸፍናል፤ የአገልግሎት ውል ግን ይህን ያህል ጊዜ፣ በዚህ ጣቢያ፣ በዚህ ሰዓት ብሎ ይገዛል፤ ሲጎድልም ይቀንሳል። ችግሩ ገንዘቡን ማን ያውጣ የሚለው ነው። ክልሉ ነው? ፌዴራል መንግሥቱ? ወይስ በዚያው ሀዲድ የሚያልፈው ኮንቴይነር? በየኮንቴይነሩ ላይ ጥቂት ብር መጨመር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም አስመጪው ያንኑ ብር ሸማቹ ላይ ስለሚጥል ሂሳቡ ዞሮ መርካቶ ይገባል።

ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ግን ምንም ያህል ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። ወደ ነጋዴዋ ሂሳብ እንመለስ። ባቡሩ አሁንም ከአምስት ቀን አንዱን ይቅር፤ ነገር ግን እንደሚቀር ከዋዜማው በስልክ ወይም በጣቢያው ሰሌዳ ይነገራት። ወተቱን አትገዛም፣ ቲኬትም አትቆርጥም። በአምስት ቀን 100 ብር መክሰሯ ይቀርና 1,200 ብር ይዛ ትገባለች። ልዩነቱ 1,300 ብር ነው፤ ባቡሩ ግን አንድ ደቂቃ አልፈጠነም። በእርግጥ ይህ የሚረዳው ገዝታ ለምትሸጠው ነው። ግመሎቹን የሚያልበው አርብቶ አደር ባቡር ቢቀርም ማለቡን አያቆምም፤ የግመል ወተት ደግሞ እንደ ላም ወተት በቀላሉ ቅቤ አይወጣውም። ለእሱ መልእክቱ የሚጠቅመው ከዋዜማው ደርሶት ለአይሱዙው ሹፌር ለመደወል ጊዜ ካገኘ ነው።